ሁለት ሰው የቀረው

ልጽፈው አስቤ ዓመታት የፈጀሁበት አንድ ልብ ወለድ አለኝ። በኢንተርኔት ፍቅር ስለሚፈልጉ ሁለት ወጣቶች የሚተርክ፣ አንባቢን ፈገግ የሚያሰኝ የፍቅር ታሪክ ነው። ሥራው የቆመው የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ታሪኩ ከየት እንደ መጣ መናዘዝ ይኖርብኛል።

በ2000 ዓ.ም. ኮልፌ 18 ማዞሪያ ስድስት ኮምፒዩተሮች የነበሩት አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር። ሒሳቡ በደቂቃ ስለሚቆጠር ፍቅርም በጥድፊያ ይጻፍ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ላይ የግዕዝ ፊደል ስላልነበረ አማርኛችንን በላቲን ፊደል እንከትባለን። በዚያ አጻጻፍ «ጠ» እና «ተ» አንድ ናቸውና «መጣሁ» ያለ ሰው «መታሁ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። እንዲህ ባለ አማርኛ ከአንዲት ልጅ ጋር ሦስት ወር ተጻጻፍኩ። ስላነበብናቸው መጻሕፍት እናወጋለን፤ እንከራከራለን፤ ደቂቃው ሲያልቅ ክርክሩን ለነገ እናሳድራለን። አንድ ቀን የት እንደምኖር ጠየቀችኝ። «ቦሌ» አልኳት። «እንግዲያው ጎረቤታሞች ነን» ብላ መለሰችልኝ።

ጎረቤታሞችማ ነበርን።

የተገናኘነው በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ካፌ ነው። ማኪያቶ አዘን ብዙ ተጫወትን። ቤቷ በየት በኩል እንደሆነ ስጠይቃት «ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው» አለች። የእኔም ወደ ውስጥ ገባ ያለ መሆኑን ነገርኳት። ስንለያይ እርሷ ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ግራ ሄድን። ከዓይኗ መሰወሬን ሳረጋግጥ ዞሬ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ፤ ከሜክሲኮም ጦር ኃይሎች ደረስኩ። እዚያ አንድ ረዳት «አሥራ ስምንት! አሥራ ስምንት! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ሮጬ በሩን ስይዝ ሌላ እጅም አብሮኝ ያዘ።

የእርሷ እጅ ነበር።

ጎን ለጎን ተቀመጥን። ታክሲው ብዙ መንገድ እስኪሄድ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

«ቤትህ ሩቅ ነው ለካ» አለችኝ በመጨረሻ።

«ከቤትሽ አይርቅም» አልኳት።

ሳቃችን ሾፌሩን አስዞረው። ያን ሌሊት ግን ሳቁ ለቀቀኝና እፍረቱ ቀረ። «ቦሌ» ብዬ በጻፍኩባት ቅጽበት እናቴ እንጀራ ሸጣ ያሳደገችኝን ቤት ፍቄዋለሁ። የአጣና ተራን የባሕር ዛፍ ሽታ፣ በስሜ የሚጠሩኝን ጎረቤቶች ሁሉ ፍቄያለሁ። ልጅቷ ዋሸችኝ ብዬ እንዳልቆጣ፣ የእርሷ ውሸት ቁርጥ የእኔው ነበር።

በኋላ ሳስበው ይህ ጭምብል በአማርኛ ልብ ወለድ እንግዳ አልነበረም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የልብ ወለዳችን በኩር ነው። በዚያ መጽሐፍ ጦቢያ ወንድ መስላ ትጓዛለች፤ ማንነቷ ይገለጣል፤ ታሪኩም በሠርግ ያልቃል። ከ58 ዓመት በኋላ የመጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን በመቃብር አበቃ። ፊታውራሪ መሸሻ ዘር እየቆጠሩ ለልጃቸው የሚመጥን ባል አጡ፤ ሰብለ ወንጌልና በዛብህም የዚያን ቆጠራ ዋጋ ከፈሉ። እኛ አንባቢዎች ልባችን የሄደው ከዚህኛው ጋር ነው። ፍቅር ካላስለቀሰ ፍቅር አይመስለንም።

ኢንተርኔት ቤት ስገባ የፊታውራሪውን ደጅ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። «የማን ዘር ነህ?» የሚል አልነበረም። «የት ነው የምትኖረው?» የሚል ግን ነበር። አጥንቱ በሰፈር ተተካ እንጂ ቆጠራው አልቀረም፤ እኔም ማንም ሳያስገድደኝ ራሴን ቆጥሬ፣ ጎድዬ አገኘሁት።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ በእግር ተገናኘን። አንድ ዓመት የሚሆን ደስ የሚል ጊዜ አሳለፍን። ከዚያ ዲቪ ደረሳት። ቦሌ ዳግመኛ አብረን የሄድነው ልሸኛት ነው። መጀመሪያ ደብዳቤው፣ ቀጥሎም ሁሉ ነገር እየሳሳ ሄዶ ተቋረጠ። የተጣላነው ነገር የለም።

የመጨረሻው ምዕራፍ እምቢ ያለኝ ለዚህ ነው። የሚያስቅ የፍቅር ታሪክ ሠርግ ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ዳርኳቸው፤ ድንኳን ተከልኩ፣ ጠላ አስጠመቅኩ፣ ሚዜ መረጥኩ። ሦስቱንም ጊዜ ደግሜ ሳነበው «ቦሌ» ብዬ የጻፍኳት ቃል ትመጣብኛለች። እንዳልገድላቸው ደግሞ ማንም አልሞተም፤ መቃብሩም ያው ውሸት ነው።

አሁን ቆርጫለሁ። ሠርጉንም ሽኝቱንም ትቼ ከታክሲው ውስጥ ላበቃ ነው። ታክሲው ማዞሪያው ጋ ሲደርስ ሁለታችንም እኩል «ወራጅ አለ» ብለን ነበር። ቤታችን የት እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳንዋሽ የተናገርነው ያኔ ነው።