የባልትና ትምህርት ለማን ነው?

ባልትና ሲባል በብዙዎቻችን ዐይን ፊት ድቅን የሚለው ምጣድና ሰፌድ፣ መርፌና ክር ነው። ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጥ በነበረበት ዘመን በአመዛኙ የሴት ተማሪዎች ድርሻ ነበር፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሙያውን መስመር ከቀለሙ ለይቶ ካደራጀ ወዲህ ደግሞ ቦታው ጠቧል። እኔ ግን ትምህርቱ ተመልሶ ሊጠናከር፣ ለሁሉም ሊሰጥ ይገባል እላለሁ።

ለዚህም የቆቦንና የራያን ቆላ አብነት ላድርግ። በዚያ ሰፊ ሜዳ ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ዝናቡ በሰመረበት ዓመት ጎተራው ይሞላል፤ ይሁን እንጂ ያው ጎተራ በሐምሌ ባዶውን ሊገኝ ይችላል። እህሉ በሚገባ ሳይደርቅ ከገባ ነቀዝ ይፈላበታል፤ ያለ ስሌት ከተሸጠ ወይም ለድግስ ከዋለ ዘርና ቀለብ ይጎድላል። እንግዲህ እህልን አድርቆ ማከማቸት፣ የዓመቱን ቀለብ አስቀድሞ ማስላት፣ ኃይል ሰጪውን ማሽላ ከገንቢው ሽምብራና ባቄላ ጋር አጣምሮ መመገብ፣ ይህ ሁሉ ባልትና ነው።

እህሉን ጭኖ ገበያ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ አባወራው ነው፤ ለወፍጮ የምትሰፍረው እማወራዋ ናት። ሁለቱ አብረው ካላሰሉ፣ እርሷ በእፍኝ የቆጠበችውን እርሱ በኩንታል ሊሸጠው ይችላል። ሴቷን ብቻ ማስተማርም ጎተራን በአንድ ወገን መርጎ ሌላውን ክፍት እንደ መተው ነው።

ስለዚህ ወንዱም ሴቷም ባልትናን በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማሩ፤ ጎተራን እስከ መጪው መኸር የሚያደርሰው የሁለት ሰው ስሌት ነውና።