አስተርጓሚና ተርጓሚ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በአንጋጫ ገበያ የዋለ ሰው ሀዲይኛም፣ ከምባትኛም፣ አማርኛም ሲነገር ይሰማል። ሻጭና ገዥ በቋንቋ ሳይግባቡ ሲቀሩ ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው በመካከላቸው ቆሞ የአንዱን ንግግር ለሌላው ያደርሳል። ይህ ሰው አስተርጓሚ ይባላል። ተርጓሚ ግን አንድን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር በሌላ ቋንቋ ጽፎ የሚያስረክብ ነው። አስተርጓሚው ሥራውን ወዲያው ይጀምራል፤ ነገር ግን ያው ንግግር ነገ ቢደገም ነገም መገኘት አለበት። ተርጓሚው አስቀድሞ ጊዜ ይወስዳል፤ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ግን አንባቢው እርሱን አይጠብቅም።

ውድ ተማሪዎች፣ በእነዚህ ከተሞች ሳስተምር ስለ ኮምፒዩተር ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አላገኘሁም። ኮምፒዩተር የሚያውቀው የራሱን የቁጥር ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ሰው የጻፈው ፕሮግራም ሊተረጎምለት ይገባል። መስመር በመስመር እየተረጎመ የሚያሠራው መሣሪያ ኢንተርፕሪተር፣ ሁሉንም አስቀድሞ ተርጉሞ የሚያስረክበው ደግሞ ኮምፓይለር ይባላል።

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው የግል ኮምፒዩተር ቤዚክ ለተባለው ቋንቋ የሚያገለግል ኢንተርፕሪተር በውስጡ ነበረው። ኮምፓይለር የፈለገ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይከፍል ነበር። ከዚያም በአንዱ መሣሪያ ጽፎ፣ በሌላው አስተርጉሞ፣ ዲስክ እየለዋወጠ ይጠብቃል፤ አንዲት ስሕተት ብትገኝ ሁሉን እንደገና ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1983 ቦርላንድ የተባለው ኩባንያ ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ። ዴንማርካዊው አንደርስ ሃይልስበርግ የደረሰው ይህ ኮምፓይለር ከ40 ኪሎባይት ያነሰ ሲሆን መጻፊያውንና መተርጎሚያውን በአንድነት ይዞ ነበር። ትርጉሙንም በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ ስለሚፈጽም አጭር ፕሮግራም በጥቂት ሴኮንድ ይደርስ ነበር። ጉድለትም አላጣውም፤ በመጀመሪያዎቹ እትሞቹ የተተረጎመው ፕሮግራም ከ64 ኪሎባይት ማለፍ አይችልም ነበር። ስለዚህ ትልቅ ሥራ የነበረው ሰው ሌላ ኮምፓይለር ለመፈለግ ይገደድ ነበር።

እንግዲህ የትኛው ይመረጥ? እኔ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ፕሮግራሙ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ዘወትር? ያለኝ ኮምፒዩተር መሣሪያውን ይችለዋል? በተሳሳትሁ ጊዜስ እስካርም ድረስ ምን ያህል ያስጠብቀኛል? ከሦስቱ ለተማሪ የሚከብደው የመጨረሻው ነው። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ኮምፒዩተር በሚፈራረቁበት ትምህርት ቤት የአንዱ ተራ 30 ደቂቃ ነው እንበል። እያንዳንዱ ሙከራ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ተማሪው የሚሞክረው 6 ጊዜ ብቻ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ግን 60 ጊዜ ይሞክራል። በዚህ ልዩነት አንዱ ተምሮ ሲነሣ ሌላው ተራው አልፎበት ይነሣል።

ዛሬ ብዙ ኮምፓይለሮች ያለ ዋጋ ይገኛሉ፤ ጥያቄው ግን አላረጀም። መሣሪያ ስትመርጡ ስሙን ከመስማታችሁ በፊት የራሳችሁን ሥራና ጊዜ መዝኑ።