የጣሪያ ገመና

አማርኛችን ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የሚቆለለውንም፣ ውሃ ሲረጋ የሚሆነውንም በአንድ ቃል «በረዶ» ይለዋል። ደጋ ለሚኖር ሰው ይህ ይበቃዋል፤ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮውን የደበደበው በረዶ ሳይመሽ ቀልጦ በአሸንዳ ይወርዳልና። እኔ ለምኖርባት ሚኒሶታ ግን ቃሉ ይጠብባታል። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢ፣ ለዛሬ እንደ ባዘቶ የሚወርደውን አመዳይ፣ ቀልጦ ዳግም የሚረጋውን ደግሞ በረዶ ብዬ ልለያቸው። ልዩነታቸው ከቃል አልፎ የቤቴ ጉዳይ ሆኗልና።

ቀኑን ሙሉ ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ዕዳ የምመዘግብ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ ግጥም እሞክራለሁ። ሴንት ፖል ያለችው ቤቴም ራሷ የ30 ዓመት ዕዳ ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ከጣሪያዋ ጠርዝ ላይ ክንድ ክንድ የሚያህሉ የበረዶ ጦሮች ተንጠለጠሉ። መንገደኛ ቆሞ ፎቶ ያነሣቸው ነበር። ውጭው ያምራል… ውስጡን ለቄስ! ከሳምንት በኋላ ውሃው እናቴ በምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቡናማ መስመር እየሠራ ወረደ። እናቴ በስተርጅና ከጎንደር ወደ እኔ የመጣች፣ ደረቷን ብርድ የማይስማማት ናት። እርጥብ ግድግዳ ሻጋታ፣ ሻጋታም ሳል ይወልዳልና ነገሩ ከቀለም መበላሸት በላይ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ባለሙያ ጣሪያው በሙሉ ይቀየር አለኝ፤ ዋጋው የዓመት ደመወዜን እኩሌታ የሚጠጋ። ሁለተኛው፣ አንድ ሽማግሌ አናጢ፣ መሰላል ይዘው ከኮርኒሱ በላይ ወዳለው ጨለማ ገቡ። ሲወርዱ «ጣሪያህ ደህና ነው፤ ሙቀት የሚያፈስሰው ቤትህ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙቀት ከክፍሎቹ እየሾለከ ከኮርኒስ በላይ ይጠራቀምና ጣሪያውን ከሥር ያሞቀዋል። አመዳዩም ከታች በኩል ይቀልጣል፤ ውሃው ቁልቁል ይንሸራተትና ከግድግዳው ውጭ ወደተዘረጋው ጠርዝ ይደርሳል። ከጠርዙ በታች ቤት የለም፤ ሙቀትም የለም። ውሃው እዚያው ይረጋል። በረዶው ቀን በቀን እያደገ ግድብ ይሆናል፤ ከኋላ የሚከተለው ውሃ መውረጃ ሲያጣ ወደ ላይ ተመልሶ በጣሪያው ልባስ፣ ሺንግል በሚሉት ሥር ይገባል። ሺንግል የሚወርድ ውሃን ያሳልፋል እንጂ ተኝቶ የሚጠብቅን ውሃ አይችልም።

ስለዚህ መድኃኒቱ ጣሪያን ማሞቅ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቀች፤ «ልጄ፣ ጎጆም እኮ ይተነፍሳል፤ ጭሱ በሣሩ መሐል እየሾለከ ባይወጣ ማን ይኖርበት ነበር?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ልዩነቱ፣ ጎጆ ኮርኒስ የላትም። እዚህ ኮርኒሱ ሊዘጋ፣ ጣሪያው ሊተነፍስ ይገባዋል።

ሽማግሌው ሥራውን በተራው ሠሩት። በመጀመሪያ ቀዳዳ ደፈኑ፤ በአምፖሎቹ ዙሪያ፣ ቧንቧ በሚያልፍበት፣ በመውጫው ክዳን ጠርዝ፤ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ግን እሳት በማይበላው ቆርቆሮ። የመታጠቢያ ቤቱን እንፋሎት እዚያው ጨለማ ውስጥ ይተፋ የነበረውን ቱቦም ወደ ውጭ አወጡት። ቀጥለው የሙቀት መከላከያውን ነፉበት። ቀድሞ የነበረው ከስንዝር ያነሰ ነበር፤ ለእንዲህ ያለ አገር የሚመከረው በአሜሪካ መለኪያ ከአር 49 እስከ አር 60 ሲሆን፣ በሴሉሎስ 40 ሳንቲ ሜትር ግድም ይመጣል። ሴሉሎስ የሚሉት እሳት እንዳይዘው በቦሮን ጨው የታሸ፣ የተፈጨ አሮጌ ጋዜጣ ነው። ግጥም ለሚሞክር ሰው ይህ ትንሽ ዜና አይደለም፤ ያልተነበበ ወረቀት ሁሉ ከንቱ አይቀርም ማለት ነው! በመጨረሻ ከጠርዙ ሥር ያሉትን የአየር መግቢያዎች ጋዜጣው እንዳይደፍናቸው ከለሏቸውና፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ገብቶ በጣሪያው አናት እንዲወጣ መንገዱን ከፈቱለት።

የተከተለው የብርድ ወራት በሚኒሶታ ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃቱ ስለነበር ሥራቸው አልተፈተነም። ፈተናው ዘግይቶ መጣ፤ አመዳዩ ጣሪያዬ ላይ ሳይቀልጥ ሰነበተ፤ የእናቴም ግድግዳ እንደደረቀ አለ።

አመዳይ በጣለ ማግስት በሰፈር ስታልፉ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ አመዳይ የቤት ገመና ያወጣል። ፀሐይና ነፋስ እኩል ካገኟቸው ጎረቤታሞች መካከል ቀድሞ የተራቆተው ጣሪያ ሙቀቱን ለሰማይ የሚበትን ነው፤ ነጭ ጋቢውን ሳያወልቅ የሚሰነብተው ግን በውስጡ ያሉትን የሚያሞቅ። ብርድ ሲበረታብን እሳት መጨመር ይቀናናል፤ ቀዳዳውን ሳንደፍን የጨመርነው እሳት ግን ግድቡን ነው የሚያሳድገው።

ብርዱን አልከሰውም፣ ደጅ ነውና አገሩ፤
የራሴው እሳት ነው፣ ሾልኮ ከማገሩ፣
ውሃ ሆኖ ወርዶ፣ ጠርዝ ላይ የረጋ፣
በረዶ ሆኖብኝ፣ ያደረ እስኪነጋ።