ስኪም እና አስኬማ

ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ከማይለዩት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ስኪም» ነው። የብድር ስኪም፣ የቁጠባ ስኪም፣ የጡረታ ስኪም… ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚወርድ ሰርኩላር ያለ እርሱ የሚጀምር አይመስልም። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ግጥም የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስገልጥ ደግሞ ያው ቃል ልብሱን ቀይሮ ይጠብቀኛል፤ እኛ «ቤት አመታት» የምንለውን እነርሱ «ራይም ስኪም» ይሉታል። ቅዳሜ የአሜሪካ ፊልም ካየሁ ሦስተኛው መልኩ ይመጣል፤ እዚያ ስኪም ያለው ሰው ሁሉ ወይ ባንክ ሊዘርፍ ነው ወይ የአጎቱን ውርስ ሊነጥቅ። (ባንኩ ሲዘረፍ መስኮቱ ላይ ስላለው ሠራተኛ የሚጨነቅ ተመልካች ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።)

አንድ ቃል እንዴት ሆኖ የባንክ አገልግሎትም፣ የግጥም ስልትም፣ የሌባ ምክርም ሊሆን ቻለ? መነሻውን ላጫውታችሁ።

ግሪኮች «ስኬማ» ይሉ ነበር። ቅርጽ፣ መልክ፣ አቋም ማለት ነው። ሥሩ «ኤኬይን» የሚለው ግስ ሲሆን ፍቺውም መያዝ፣ ገንዘብ ማድረግ ነው። አንድ ነገር ራሱን እንዴት እንደ ያዘ፣ ቀጥ ብሎ ይሁን ጎብጦ፣ እርሱ ነው ስኬማው። ኤውክሊድ በጂኦሜትሪ መጽሐፉ ስኬማን በወሰን የተከበበ ነገር ብሎ ፈታው፤ አርስቶትል ደግሞ የአመክንዮ ሙግቶችን በሦስት ስኬማዎች ከፈላቸው። ትሮይን ሲከላከል የሞተው ሄክቶርም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው፤ ስሙ «ያዢው» ማለት ነውና። ግሪኮቹም ቢሆኑ አንዳንድ ጊዜ «ለመልክ ያህል ብቻ» ለማለት ቃሉን ይጠሩት ነበር፤ የጨለማ ምክር ግን ገና አልሆነም።

እስቲ ቃሉን ቀስ ብላችሁ ጥሩት። ስኬማ… አስኬማ። አዎን፣ መነኮሳቶቻችን ከቆብና ከቅናት ጋር የሚያውቁት አስኬማ ይኸው ራሱ ነው! የግሪክ ክርስቲያኖች የመነኩሴን ልብስ ስኬማ አሉት፤ ቃሉም ከምንኩስና ሥርዓት ጋር ተጉዞ፣ ፊቱ ላይ አንድ «አ» ተጨምሮለት፣ በግእዝ ቤት ገባ። ላቲኖችም በራሳቸው መንገድ እዚያው ደርሰዋል። «መያዝ» ከሚለው ግሳቸው «ሐቢቱስ» የሚል ቃል አወጡ፤ የእንግሊዝኛው «ሃቢት» በአንድ በኩል የሰው ልማድ፣ በሌላ በኩል የመነኩሴ ቀሚስ የሆነው ከዚያ የተነሣ ነው። የሆነው ሆኖ በአንድ ገዳም አባት ትከሻ ላይ ያለው ቃልና በአሜሪካ የማጭበርበር ሕግ ውስጥ የተጻፈው ቃል የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ገዳም ገባ፤ ሌላው ገበያ ወጣ። ገበያ የወጣውን እንከተል።

እንግሊዝኛ ቃሉን በላቲን በኩል ሲቀበለው መጀመሪያ ያረፈው ገንዘብ ያዦች ዘንድ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1550 ሪቻርድ ሼሪ የተባለ ሰው ስለ ስኪሞችና ስለ ዘይቤዎች የሚያትት መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ፤ በዚያ መጽሐፍ ስኪም ማለት የቃላት አሰላለፍ፣ የንግግር ጌጥ ነው። ቀዳሚዎቹ ባለቤቶች እኛ ግጥመኞቹ መሆናችንን ለባንክ ባልደረቦቼ ነግሬአቸው አንዳቸውም አልተደነቁም።

ቀጥሎ ኮከብ ቆጣሪዎች ወሰዱት። አንድ ሰው በተወለደበት ሰዓት ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የት የት እንደ ነበሩ የሚያሳየውን ሥዕል «ስኪም» አሉት። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር የነበረው ዊልያም ሊሊ እ.ኤ.አ. በ1651 ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ የእሳት ሥዕል አስገብቶ ነበር። በ1666 ለንደን በታላቁ ቃጠሎ ስትወድም ሰዎች ሥዕሉን አስታወሱ፤ የፓርላማ ኮሚቴም ሰውየውን አስጠርቶ ስለ እሳቱ የሚያውቀውን ጠየቀው። ነገሩ በደህና አለፈለት። እኔ ግን ይህን ታሪክ እወደዋለሁ፤ የሰማይን ስኪም ስሎ የኖረ ሰው የምድሩን ስኪም ያውቅ ይሆናል ተብሎ ተጠረጠረ፤ ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ሰው ራስ ላይ ተገናኙ።

ከሥዕል ወደ ንድፍ፣ ከንድፍ ወደ ዕቅድ መሻገር ሩቅ መንገድ አይደለም። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ስኪም ገና ያልተሠራ ሥራ ንድፍ ሆነ፤ በ18ኛው መባቻ ደግሞ ጥርጣሬ ተከተለው። ዘመኑን ልብ በሉት። እ.ኤ.አ. በ1711 የተቋቋመው የደቡብ ባሕር ኩባንያ በ1720 የእንግሊዝን መንግሥት ዕዳ ወደ አክሲዮን እለውጣለሁ ብሎ ተነሣ። የአገሬው ሰው ይህን ውጥን «የደቡብ ባሕር ስኪም» ብሎ ጠራው። በጥር ወር 128 ፓውንድ ገደማ የነበረው አክሲዮን በበጋቸው ወደ 1000 ፓውንድ ተጠጋ፤ መስከረም ሲያልቅ 200 እንኳ አያወጣም ነበር። የከዋክብትን መንገድ ያሰላው ኒውተን ሳይቀር ከሰረበት። ሠዓሊው ሆጋርት በ1721 ባወጣው ሥዕል ላይ በዚሁ ስሙ ተሣለቀበት። ቃሉን ያቆሸሸው ይህ ክስረት ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን በዚያ ዓመት ገንዘቡን ያጣ ሰው «ስኪም» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ በምን ድምፅ እንደሚጠራው መገመት አያዳግትም።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ቦስተን ውስጥ ቻርልስ ፖንዚ የሚባል ጣሊያናዊ ስደተኛ መጣ። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1920 ነው። በአውሮፓ በርካሽ የሚገዛ የፖስታ ኩፖን አሜሪካ ላይ በውድ ቴምብር ይለወጣል፤ ስለዚህ ገንዘባችሁን ብትሰጡኝ በ45 ቀን ውስጥ ከመቶ 50 ትርፍ ጨምሬ እመልሳለሁ አለ። መለሰም! የመለሰው ግን ኋላ ከመጡት ወስዶ ነው። የሒሳብ ሰው እንደ መሆኔ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለው አሠራር ወረፋው እስኪያጥር ድረስ ጉድለቱ በቀላሉ አይታይም። ወረፋው ያጠረው በነሐሴ ነበር። ፖንዚ ታሰረ፤ በ1949 ሪዮ ደ ጃኔሮ ውስጥ በድህነት ሞተ። ስሙ ግን ከስኪም ጋር ተጋብቶ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ቃሉ በሁለት አገር ሁለት ዜግነት ያዘ ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1872 ጀምሮ በፖስታ የሚደረግን ማጭበርበር በሚከለክለው ሕጋቸው ውስጥ ስኪምን ከወንጀል ጋር ጽፈውታል፤ እንግሊዞች ደግሞ በ1993 ያወጡትን የጡረታ ሕግ ራሱን የስኪሞች ሕግ ብለው ሰየሙት። በስኮትላንድ ስኪም መንግሥት የሠራው የመኖሪያ መንደር ነው። በሕንድ መንግሥት ለድሀ የሚዘረጋው ድጎማ ሁሉ ስኪም ነው። እኛም በእንግሊዝኛችን ወደ እንግሊዞቹ እናዘነብላለን፤ በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ የተደረገበትን የ20/80 እና የ40/60 የቤቶች ቁጠባ በእንግሊዝኛ ስንጽፈው ስኪም ስንለው ማንም ቅር አላለውም።

ይህ ሁሉ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ይመስላል። አይደለም። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከልጃቸው የተላከ ገንዘብ ሊቀበሉ መስኮቴ ዘንድ ቀረቡ። ልጃቸው እንግሊዝ አገር አረጋውያንን እየተንከባከበች ትኖራለች። ብሩን ቆጥረው ከያዙ በኋላ አልሄዱም፤ ስልካቸውን በመስኮቱ ሥር አቀበሉኝ። የአሠሪዋ ደብዳቤ ፎቶ ነው። ልጅቱን የጡረታ ስኪም ውስጥ ማስገባታቸውን፣ ካልፈለገች መውጣት እንደምትችል ይገልጻል። አሜሪካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ይህን አይቶ «ስኪም ማለት እኮ ማጭበርበር ነው፤ ቶሎ ውጪ በያት» ብሎ ለእናቱ ደውሏል።

«አንተ የባንክ ሰው ነህ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «እስቲ ንገረኝ፤ ተመክሮላት ነው ወይስ ተመክሮባት?»

ከኋላቸው ወረፋ አለ፤ እኔ ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። የተማርኩበት እንግሊዝኛ በአምስት መቶ ዓመት ያልለየውን ነገር እኚህ እናት በአንድ ፊደል ለይተው አስቀመጡት። «ለ» ከሆነ ዕቅድ ነው፤ «በ» ከሆነ ሴራ ነው። ግሱ ያው መከረ ነው፤ መካሪዎቹም፣ የተመከረላትም ሆነ የተመከረባት ልጅ ያቺው ናት።

«ተመክሮላት ነው፣ እማማ» አልኳቸው። በእንግሊዝ አገር ከ2012 ጀምሮ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በየደረጃው እንዲህ ባለ ጡረታ ውስጥ እንዲያስገቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ዛሬ ከሚታሰበው ደመወዝ ከመቶ ቢያንስ 8 ይቆጠባል፤ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 3ቱን አሠሪው ከራሱ ያዋጣል። ብትወጣ ይህ የአሠሪዋ ድርሻ ይቀርባታል።

«በምን አወቅህ?»

«ሁሉንም ጽፈው አሳይተዋታል። እርሷ ስንት እንደምትከፍል፣ እነርሱ ስንት እንደሚጨምሩ፣ መውጫው በየት በኩል እንደ ሆነ። ተመክሮባት ቢሆን ኖሮ መውጫውን አያሳዩአትም ነበር።»

እናትየው ስልካቸውን ከነጠላቸው ሥር መልሰው ከተቱ። «እንግዲያው ለወንድሟ አንተ በሆንክና በነገርከው» አሉኝና ሄዱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ በአማርኛችን ለዕቅድና ለተንኮል የምንጠቀምባቸውን ግሶች እየሰበሰብኩ በማስታወሻዬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ዕቅድን ከገበሬ ወስደናል፤ ተለመ ስንል በሬና ሞፈር ይታየናል፤ ትልም በሜዳ ላይ ነው፤ የቀናና የጠመመ መሆኑን መንገደኛው ሁሉ አልፎ ሲሄድ ያየዋል። ተንኮልን የወሰድነው ግን ከጓዳ ነው። ሴራ ይጠነሰሳል እንላለን፤ ጥንስስ ጋን ውስጥ ተከድኖ፣ ለብቻው እየፈላ የሚቆይ ነገር ነው፤ ክዳኑን የሚያነሣው ጠማቂው ብቻ ነው። ሴራ ይጎነጎናል፣ ይሸረባል ደግሞ እንላለን። እዚህ ላይ ትንሽ ተቸገርኩ፤ ሹሩባ በአደባባይ የሚታይ ጌጥ ነውና። ነገር ግን የቱ ዘለላ በየቱ ሥር እንዳለፈ ከሠሪዋ በቀር ማን ፈልጎ ያገኘዋል? ስለ ሰምና ወርቅ አላነሣም፤ ስለ እርሱ ያልጻፈ የለም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ «ሴራ» ራሱ ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የልብ ወለድ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚተሳሰሩበትን መንገድ ሴራ እንለዋለን፤ የደራሲው ሴራ ጥብቅ ነው ስንል ምስጋና ነው። ከመጽሐፍ ውጪ ግን ሴራ የተባለ ነገር መልካም ሆኖ ተሰምቶ አያውቅም። ከእኔ ቀጥሎ ባለው መስኮት የሚሠራ ባልደረባዬ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። በእርሱ ቋንቋ ሴራ ማለት ሕግ ነው! በቦረና ጉሚ ጋዮ በየስምንት ዓመቱ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ቀናት ፈጅቶ፣ በአደባባይ የሚመክርበትና የሚያጸናው ሕግ። የክስታኔ ጉራጌዎችም የአባቶቻቸውን የዳኝነት ሥርዓት ጎርደና ሴራ ይሉታል። አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለቴ አይደለም፤ ጎን ለጎን የሚኖሩ ቋንቋዎች በአንድ ድምፅ አንዳቸው አደባባዩን፣ አንዳቸው ጓዳውን መጥራታቸው ነው የገረመኝ። እንግሊዝና አሜሪካ ለዚህ ውቅያኖስ አስፈልጓቸዋል፤ ለእኛ በሁለት መስኮቶች መካከል ያለች መስታወት በቃችን።

«ታዲያ እናንተ ሕግ ስታወጡ ትደበቃላችሁ ማለት ነው?» አለኝ ባልደረባዬ፣ የሻይ ብርጭቆውን እያስቀመጠ።

«እናንተስ ስታሴሩ ሕዝብ ትጠራላችሁ?» አልኩት።

ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ተሳስቀን ወደየመስኮታችን ተመለስን፤ ወረፋው በሩን አልፎ ነበር።