በጅዳ ገበያ «ፊ» የምትባል ትንሽ ቃል

ጅዳ የመካ በር ናት። በ26 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ647) ሦስተኛው ኸሊፋ ዑስማን ኢብን ዐፋን (ረ.ዐ.) የመካ ወደብ እንድትሆን ከመረጧት ወዲህ፣ በቀይ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሐጃጅ እግሩን የሚያሳርፈው በእርሷ ላይ ሆነ። አሮጌው ሰፈሯ አል-በለድ ይባላል። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ ተገንብተው፣ በመስኮቶቻቸው ላይ «ረዋሺን» የሚባሉ የተፈለፈሉ የእንጨት ሰገነቶች ተገጥመውላቸዋል። የከተማይቱ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1947 ፈርሷል፤ ሰፈሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ እ.ኤ.አ. በ1925 ጅዳ ሲገቡ ያረፉበት በይት ነሲፍም ዛሬ ድረስ ቆሞ ይታያል። ከዚያ በምሥራቅ በኩል ወደ ባብ መካ ሲኬድ ገበያው ይጀምራል። ቅመሙ፣ ዕጣኑ፣ ጨርቁና ተምሩ በየሱቁ ደጃፍ ተደርድሯል። ዛሬ ለውድ አንባብያን የምናወራው ግን በዚያ ገበያ በነፃ ስለሚገኝ ነገር ነው። እርሱም «ፊ» የምትባል አንዲት ቃል ናት።

በመድረሳ ያለፈ ሁሉ «ፊ»ን ያውቃታል። እ.ኤ.አ. በ1323 ያረፉት የሞሮኮው ዓሊም ኢብን አጁሩም ባዘጋጁት «አል-አጁሩሚያ» በተባለው አጭር የነህው ኪታብ ውስጥ «ሚን»፣ «ኢላ»፣ «ዐን»፣ «ዐላ» ብለው ሲዘረዝሩ አምስተኛዋ «ፊ» ናት። ትርጉሟ «ውስጥ» ነው። ሐርፈ ጀር በመሆኗ ብቻዋን አትቆምም፤ ከኋላዋ ስም ያስፈልጋታል። «ፊል-በይት» ማለት «ቤት ውስጥ» ነው። ደረሳው ይህን ሸምድዶ ለኡስታዙ ይመልሳል፣ ኡስታዙም «ማሻአላህ» ብሎ ያሳልፈዋል። በዚህች ቃል ውሃ ጠይቆ የሚያውቅ ደረሳ ግን ጥቂት ነው።

ለዑምራ በሄድንበት ጊዜ ከተጓዦቹ መካከል ዕድሜያቸውን በነህው ያሳለፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከባብ መካ አጠገብ ወደ አንዲት ሱቅ ጠጋ ብለው፣ በጠራ ፉስሓ «ሀል ዩጀዱ ማኡን?» ሲሉ ውሃ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁ። ባለሱቁ በአክብሮት ፈገግ አለና «ፊ ያ ሸይኽ፣ ፊ!» ብሎ ጠርሙሱን አቀረበላቸው። ወዲያው አንዲት የሀገራችን ልጅ መጣችና «ፊ ዔሽ?» አለች። «ማ ፊ፣ ባዕድ ሹወይያ ፊ» ሲላት ልትሄድ ዞር አለች። አዛውንቱ በአማርኛ ጠሯት።

«ልጄ፣ ‹ፊ› እኮ ‹ውስጥ› ማለት ነው። ምን ውስጥ ነው ያለው?»

«‹አለ› ማለት ነው እንጂ አባባ! ዳቦ አለ ወይ አልኩት። አሁን የለም፣ ቆይቶ ይኖራል አለኝ።»

«ሐርፈ ጀር እኮ ብቻውን አይቆምም።»

«እዚህ ሀገር ብቻዋን ነው የምትቆመው አባባ፤ እንደኛው።»

አዛውንቱ ሳቁ፤ ዱዓም አደረጉላት።

ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። የገበያዋ «ፊ» የተገኘችው «ፊሂ» ከሚለው ነው፤ «በእርሱ ውስጥ» ማለት ነው። በሕዝብ አንደበት ስትመላለስ «አለ» ወደሚል ትርጉም ተሸጋገረች። በሒጃዝ «ፊ» እና «ማ ፊ» ሲባል በካይሮ «ፊህ» እና «ማፊሽ» ይባላል። በኩዌትና በዒራቅ ግን «አኩ» እና «ማኩ»፣ በሞሮኮ ደግሞ «ካይን» ነው። በጅዳ ሰው «ኢሽ ፊክ?» ካለህ «ምን ሆነሃል?» ማለቱ ነው። ብዙ እህቶቻችን በሠሩባት ቤይሩት ደግሞ «ፊክ» ማለት «ትችላለህ» ስለሆነ፣ «ማ ፊኒ» ያለች ሴት «አልችልም» ማለቷ ነው።

ቃሏ ቀላል በመሆኗ አዲስ ገቢ ሁሉ ይወዳታል። ችግሩ የሚመጣው ሁሉንም ነገር በእርሷ ብቻ ለመናገር ሲሞከር ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች በሚግባቡበት የተሰባበረ ዐረብኛ «አና ፊ ሹግል» ይባላል፤ «እሠራለሁ» ለማለት ነው። ሰሚው ይረዳል። ነገር ግን «ፊ» የምትናገረው አንድ ነገር መኖሩን ብቻ ነው፤ የማን እንደሆነ አትናገርም። አማርኛችን «አለ»ን «አለኝ» ብሎ የባለቤቱን ምልክት ይጨምርበታል። ዐረብኛ ለዚህ ሌሎች ቃላት አሉት፤ እነርሱም «ዘንድ» የሚል ትርጉም ያላት «ዒንድ» እና «ለ» የሚል ትርጉም ያላት «ሊ» ናቸው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። የሁለት ወር ደመወዝ የተያዘባት ሠራተኛ «ራቲብ ማ ፊ» ብትል፣ የተናገረችው «ደመወዝ የለም» የሚል ብቻ ነው። ይህንኑ ዐረፍተ ነገር አሠሪዋም ሊናገረው ይችላል። «ሊ ዒንደክ ራቲብ ሸህረይን» ስትል ግን «አንተ ዘንድ የሁለት ወር ደመወዝ አለኝ» ብላ መብቷን በግልጽ አስቀመጠች። አሠሪዋ ሴት ከሆነች «ዒንዲክ» ትላለች። እንዲሁም ታማ ሳለ «ኢሽ ፊኪ?» ተብላ «ማ ፊ» ብላ ብትመልስ፣ «ምንም የለብኝም» እንዳለች ተቆጥሮ ይታለፋል። «ዒንዲ አለም» ብትል ግን ሕመም እንዳለባት ይታወቅላታል።

እንግዲህ ወላጆችና የመድረሳ መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችን የሐርፈ ጀሮችን ዝርዝር ካጠኑ በኋላ በማዕድ ቤት ቢለማመዱት መልካም ነው። ልጁ «ፊ ሞያ?» ብሎ ውሃ ይጠይቅ፤ እናት «ፊ» ወይም «ማ ፊ» ትበል። በማግስቱ «ፊ ሻሂ?» ብሎ ሻይ ይጠይቅ። ይህችን ሲለምድ «ዒንደክ ቀለም?» ወደሚለው ይሸጋገር፤ ታናሽ ወንድሙም «ዒንዲ» ብሎ ይመልስለት። በቀን አንድ ጥያቄ ይበቃል። በጽሑፍና በፈተና ጊዜ ግን «አለ» ለማለት «ሁናከ» ወይም «ዩጀዱ» እንደሚጻፍ፣ የገበያዋ «ፊ» የአንደበት ቃል እንደሆነች አብሮ ይነገረው።

ከቤተሰብ መካከል ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የተነሣ ካለም፣ ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት «ፊ»ን፣ «ዒንድ»ን እና «ሊ»ን አስይዘን እንሸኘው። ኪታብ ያነበበው ወንድም አነጋገሩን ከተጓዧ እህቱ ይማር፤ እርሷም የቃሉን ሥርና መብቷን የምታስከብርበትን ዐረፍተ ነገር ከእርሱ ትማር። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።