ቫቫ፦ ኳስ የምትወድቅበትን ቦታ የሚያውቅ አጥቂ

የብራዚል ኳስ ሲነሳ ሁላችንም አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ፔሌ ነው። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ደግሞ ጋሪንቻን ይጨምራል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አጠገብ ቆሞ ጎል ሲያገባ ስለኖረው፣ ግን ብዙ ሰው ስሙን ስለማያነሳው ስለ ቫቫ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደጻፍኳቸው ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ለምን ቫቫን መረጥክ ብትሉኝ ምክንያት አለኝ። እኔ አገር ቤትም እያለሁ፣ አሁን እዚህ ካምፕም፣ የምጫወተው በአጥቂነት ነው። አብዶ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ሁለት ሰው አልፌ የሄድኩበትን ቀን አላስታውስም። ያለችኝ ችሎታ አንድ ናት፤ ኳስ ከበረኛ እጅ ሸርተት ስትል እዚያ እገኛለሁ። በዚህ የተነሳ የሰፈራችን ልጆች «ለቃሚው» ብለው ስም አወጡልኝ። ሰው የደከመበትን ኳስ እየለቀመ ጎል የሚያገባ ማለታቸው ነው። ስሙ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ኖሯል። በኋላ ግን የዓለም ዋንጫን ሁለት ጊዜ የወሰደ ለቃሚ እንደነበረ ሳውቅ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት።

ሙሉ ስሙ ኤድቫልዶ ኢዚዲዮ ኔቶ ይባላል። የተወለደው ኖቬምበር 12 ቀን 1934 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ሬሲፌ በተባለች የወደብ ከተማ ነው። ከከተማዋ ወደ ውስጥ ያለው ገጠር ድርቅ የሚመላለስበት አገር ስለሆነ ሕዝቡ እንጀራ ፍለጋ ወደ ደቡብ ሲሰደድ ኖሯል። ቫቫም ገና በልጅነቱ ከስፖርት ሬሲፌ ክለብ ተነስቶ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ወረደ፤ ቫስኮ ዳ ጋማም ገባ። መንገዱን የጀመረው እርሱ አይደለም። የ1950ው የዓለም ዋንጫ ኮከብ ጎል አግቢ አዴሚርም የዚያው የሬሲፌ ልጅ፣ የዚያው የቫስኮ አጥቂ ነበር። ቫቫ ሲጀምር መሐል ሜዳ ነበር የሚጫወተው፤ ወደ ፊት የገፋው ቫስኮ ነው። በ17 ዓመቱ በ1952ቱ የሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ለአገሩ ተሰለፈ። ከተከላካይ ጋር መጋጨት ስለማይፈራ ብራዚላውያን «የብረት ደረት» የሚል ቅጽል ስም ሰጡት።

በ1958ቱ የስዊድን ዓለም ዋንጫ በመጀመሪያው ጨዋታ ቫቫ አልነበረም፤ ቦታው የማዞላ ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ ገባ፣ ከእንግሊዝ ጋር ያለ ጎል ተለያዩ። ሦስተኛው ጨዋታ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ነበር። ፔሌና ጋሪንቻ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ዋንጫ የታዩበት ቀን ይኼ ስለሆነ እስከ ዛሬ የሚወራው ስለ እነርሱ ነው። ውጤቱ 2 ለ 0። ሁለቱንም ጎል ማን አገባ? ቫቫ! ከዚያ በጉዳት ሩብ ፍጻሜው አመለጠው። ለግማሽ ፍጻሜው ተመልሶ ፈረንሳይ ላይ ገና በ2ኛው ደቂቃ አስቆጠረ። ምን ዋጋ አለው፣ በዚያው ጨዋታ የ17 ዓመቱ ፔሌ ሦስት አገባና ወሬው ሁሉ ወደ ፔሌ ዞረ።

ፍጻሜው ጁን 29 ቀን ከባለ አገሮቹ ከስዊድኖች ጋር ነበር። ሊድሆልም በ4ኛው ደቂቃ አገባባቸው። ብራዚል ከስምንት ዓመት በፊት በገዛ ሜዳዋ፣ በማራካኛ፣ በኡሩጓይ ተሸንፋ ስታለቅስ የከረመች አገር ናት። እንግዲህ በዚያች ሰዓት የተጫዋቾቹ ልብ እንዴት እንደመታ ገምቱ። በ9ኛው ደቂቃ ጋሪንቻ በቀኝ መስመር ሰውየውን አልፎ ኳሷን ወደ ጎሉ አፍ ላካት፤ ቫቫ ደርሶ አገባ። በ32ኛው ደቂቃ ያችኑ ጎል ደገሟት ማለት ይቻላል፤ ጋሪንቻ በቀኝ፣ ቫቫ ጎሉ አፍ ላይ። በመጨረሻ 5 ለ 2 አሸነፉ። ብራዚል የመጀመሪያ ዋንጫዋን ስትወስድ ከኋላ ተነስታ እንድትመራ ያደረገው የቫቫ እግር ነው። ከዚያ ጨዋታ በብዛት የሚታየው ግን ፔሌ ኳሷን በተከላካይ አናት ላይ አሳልፎ ያገባት ጎል ናት። በውነቱ ታምራለች፣ አልክድም።

ከዋንጫው በኋላ የስፔኑ አትሌቲኮ ማድሪድ ቫቫን ወሰደው። በመጀመሪያው ዓመት ክለቡ በአውሮፓ ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በ1960 ደግሞ የስፔንን ዋንጫ ከሪያል ማድሪድ ላይ ነጠቀ። ገንዘቡም ስሙም ጥሩ ነበር። አንድ ችግር ግን አለ። በዚያን ዘመን የብራዚል ብሔራዊ ቡድን ውጭ አገር የሚጫወት ሰው አይጠራም ነበር። በ1958ም ሆነ በ1962 ዋንጫ የሄዱት በሙሉ አገር ቤት የሚጫወቱ ናቸው። ስለዚህ የዓለም ሻምፒዮኑ አጥቂ ከአገሩ ስለወጣ ብቻ እነዚያን ዓመታት ከብሔራዊ ቡድኑ ውጭ አሳለፈ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ ቆም እላለሁ። ከአገር የወጣ ሰው ስሙ ከመዝገብ ይወጣል፤ ይኼን የማያውቅ መካከላችን የለም። እኔ ከወጣሁ በኋላ የሰፈራችን ዕድር ስሜን ሰርዞታል። እናቴ በስልክ ስትነግረኝ ድምጿ ተቆራረጠ። እኔ አልተቀየምኳቸውም፤ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ሰው እንዲሰረዝ ደንቡ ያዛል። ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በእርግጥ የቫቫ ነገርና የእኛ ነገር አንድ አይደለም። እርሱ አገሩ መግባት ይችል ነበር፤ በ1961 ተመልሶ የሳኦ ፓውሎ ከተማ ክለብ ለሆነው ፓልሜራስ ፈረመ። የእኛ መንገድ እንደዚያ ቀላል እንዳልሆነ ለእናንተ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስሙ በማይጠራባቸው በማድሪድ ዓመታት እግሩን አላሳረፈም። በየሳምንቱ ሲሮጥ፣ ሲጋጭ፣ ጎል ሲያገባ ነው የቆየው። አገሩ ሲገባ ዝግጁ ሆኖ ስለገባ ለ1962ቱ የቺሊ ዋንጫ ቦታው መልሶ ተሰጠው።

ቺሊ ላይ ፔሌ በሁለተኛው ጨዋታ ተጎድቶ ወጣ። ቡድኑን ጋሪንቻ ተሸከመው ይባላል፣ እውነት ነው። ቫቫ ግን ስድስቱንም ጨዋታ ተሰልፎ አራት ጎል አገባ። በሩብ ፍጻሜ የእንግሊዙ በረኛ የጋሪንቻን ቅጣት ምት መያዝ ሲያቅተው ተመላሿን በቴስታ አስገባ። በግማሽ ፍጻሜ ባለ አገሯ ቺሊ ላይ ሁለት አከለ። በፍጻሜው ብራዚል ቼኮዝሎቫኪያን 2 ለ 1 እየመራች 78ኛው ደቂቃ ላይ ጃልማ ሳንቶስ ከቀኝ በኩል ኳሷን ወደ ሰማይ ሰቀላት። ስትወርድ ከፀሐይ ጋር ሆና መጣች። ሽሮይፍ በዚያ ውድድር ከተመሰገኑት በረኞች አንዱ ነው፤ ያቺን ግን ይዞ ጣላት። ቫቫ እዚያው ነበር፤ አስገባት፣ 3 ለ 1 ሆነ።

«ይኼ እኮ ዕድል ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን፣ ዕድል ነው። ነገር ግን ያቺ ኳስ ስትወድቅ ከእርሱና ከበረኛው ሌላ 20 ሰው ሜዳ ውስጥ ነበር። ቀድሞ የተገኘው አንዱ ነው።

በዚያች ጎል ቫቫ በሁለት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜዎች ያስቆጠረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከእርሱ በኋላ እስከ 2022ቱ ዋንጫ ድረስ ይህን ያደረጉት ፔሌ፣ ጀርመናዊው ብራይትነር፣ ዚዳንና ምባፔ ብቻ ናቸው። በተከታታይ ዋንጫዎች ያደረገው ደግሞ ከ60 ዓመት በኋላ ምባፔ ብቻ ነው። በዓለም ዋንጫ በ10 ጨዋታ 9 ጎል አለው። በ1964 ወደ ሜክሲኮው አሜሪካ ክለብ ሄደ፣ ቀጥሎም በሰሜን አሜሪካ ሳንዲያጎ ተጫወተና ሪዮ ተመልሶ ጫማውን ሰቀለ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2002 በ67 ዓመቱ አረፈ። ብራዚል አምስተኛ ዋንጫዋን ያነሳችው ከዚያ አምስት ወር በኋላ ነው። አላየውም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በካምፓችን ልምምድ ያቆሙ ልጆች አሉ። አንደኛው በግራ እግሩ የሚያሻማት ኳስ እጅ ታስቆርጣለች፤ ኬዙ ከዘገየ ወዲህ ግን ጫማውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ስጠይቀው «ማን ሊያየኝ ነው? ፕሮሰሴ ሲያልቅ ያኔ እጀምራለሁ» አለኝ። አልፈርድበትም፤ መጠበቅ እግርን ብቻ ሳይሆን ልብንም ያደክማል። እንግሊዝኛ ክፍሉን ያቋረጡትም፣ የልብስ ስፌቱን የተውትም መልሳቸው ይኸው ነው።

ኳሷ ለሁላችንም ትወድቃለች ብዬ አልዋሻችሁም። ለስንቱ ጎበዝ ሳትወድቅለት ቀርታለች። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቫቫ ስሙ በማይጠራበት አገር ሮጧል። እኛም ስማችን እስኪጠራ ድረስ እግራችንን አናስተኛ።

ለለቃሚዎች ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ቸር ይግጠመን።