ከማላባር ወደ ዳሞት

ስለ ባዕድ አገር ኑሮ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ከእኛ ምድር ወጥቶ የሄደው ወገን ነው። የሰው አገር ብርድ፣ የሰው አገር ቋንቋ፣ የሰው አገር ናፍቆት ሲባል የምንሰማው የራሳችንን ልጅ ድምፅ ነው። ወደ እኛ የመጣው ባዕድ ግን በመጀመሪያዋ ቀን በምን ዓይን አየን? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሻ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች ያስተማሩትን የሕንድ መምህራንና ቤተሰቦቻቸውን ማስታወስ ይበቃዋል።

ከፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የተማረ ሰው እጅግ አንሶ ነበር። ስለዚህ መንግሥት መምህራንን ከውጭ አገር ቀጠረ። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የመጡት ከሕንድ፣ በተለይም ከደቡባዊቱ ጠረፍ ከኬረላ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ሕንድ ከቅኝ ግዛት ነፃ በወጣችበት ዓመት ለማስተማር ከመጡት አንዱ ወጣቱ ፖል ቨርጊስ ነው። አማርኛን ተምሮ አወቀ፤ በኋላም ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብሎ የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆነ። ስሙ የታወቀው እርሱ ነው፤ ስማቸው በተማሪዎቻቸው ልብ ብቻ የቀረው ግን እጅግ ይበዛሉ።

እስቲ ከእነዚያ ቤተሰቦች አንዱን፣ ወደ ፍኖተ ሰላም የተመደበውን፣ በዓይነ ኅሊና እንከተለው። አውቶቡሱ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ወደ ደጀን ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስንና ደምበጫን አልፎ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ያወርዳቸዋል። ወሩ ሰኔ ቢሆን ዝናቡ አያስደንቃቸውም፤ በአገራቸውም ሰኔ የዝናብ በር ነው። የሚያስደንቃቸው ከዝናቡ ጋር የሚመጣው ብርድ ነው። ትምህርት በ2 ሰዓት ይጀመራል ሲባል አባወራው ከቀትር በኋላ ይመስለዋል። የወሮቹ ቁጥር 13 መሆኑን ሲሰማም የሚስቁበት ይመስለዋል።

ከዚህ የባሰው ግን በክፍል ውስጥ ይጠብቀዋል። «ገባችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ተማሪው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፤ መምህሩ ልጁ የደነገጠ ይመስለዋል። እርሱ ደግሞ እሺታውን ሲገልጥ ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል፤ ተማሪዎቹም እንቢ ያለ ይመስላቸዋል። እንዲህ ሁለት «አዎን»ዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው ሳይተዋወቁ ይቆያሉ።

ባለቤቱ ገበያ ትወጣለች። ልጆች «ፈረንጅ» ይሏታል፤ ትልልቆቹ «ባንያን» ይላሉ። የበርበሬው ክምር ቀይ ሆኖ ሲታያት ትንሽ ልቧ ይረጋል። ከዚያ አጠገብ በቁና የተሰፈረውን ጥቃቅን እህል በመዳፏ ዘግና ስታይ ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ዳጉሳ ነው። እርሷ በአገሯ ራጊ ሲባል ታውቀዋለች፤ የደቡብ ሕንድ እናቶች ለሕፃን ልጅ ገንፎ የሚያገነፉት ከዚሁ እህል ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን፣ ባሕር ተሻግሮ ሕንድ የገባው ከሺህ ዓመታት በፊት ነው። እንግዲህ ሴትየዋ ባዕድ ነው ብላ በገባችበት ገበያ ያገኘችው የልጅነቷን ገንፎ ነው። ጎረቤቷ እንጀራ ስትጋግር ስታይም ነገሩ አዲስ አይሆንባትም፤ እርሷም ሩዝና ጥራጥሬ አቡክታ፣ አኩፍታ ዶሳ ትጋግራለች። ሥጋ የማይበላ ቤተሰብ ቢሆን ደግሞ የጎጃም ሁዳዴ ማለፊያ ወራት ይሆንለታል። ችግሩ ፋሲካ ሲመጣ ነው፤ «ጾሙ እኮ ተፈታ፤ ስለምን አትበሉም?» የሚለው የጎረቤት ልመና ማብቂያ የለውም።

የደም ዝምድናም ነበረ። በ1933 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት አርበኞችና የጌዴዎን ጦር ቡሬንና ደብረ ማርቆስን ከፋሺስት እጅ ሲያስለቅቁ፣ በሰሜን በከረን ተራሮች ከወደቁት ወታደሮች ብዙዎቹ የሕንድ 4ኛና 5ኛ ክፍለ ጦር ልጆች ነበሩ። የገዛ አገራቸው በእንግሊዝ ቀንበር ሥር ሳለች ለሌላ ሕዝብ ነፃነት ሞቱ። ሆኖም የቡሬው ነጋዴ ይህን ለእንግዳው መምህር ቢያነሣለት፣ መምህሩም ለተማሪዎቹ ቢያወሳው ኖሮ፣ «ባንያን» የሚለው ቃል ሌላ ክብደት ባገኘ ነበር።

ነገሩ የሚቆጨው እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ መምህራን አልጀብራና ፊዚክስ የተማረ ትውልድ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ራሱም መምህር ሆኗል። ጨዋታ ሲነሣ ግን አስቀድሞ የሚመጣው የእንግሊዝኛ አነጋገራቸውን እየኮረጁ መሳቅ ነው። ሳቁ ክፋት የለበትም፤ ነገር ግን ከሳቁ ባሻገር ምን አለ? ማታ በፋኖስ ደብተር የሚያርመው ሰው፣ ከአገሩ ደብዳቤ እስኪመጣ ሳምንታት የሚቆጥረው፣ ልጁ ከእርሱ ቋንቋ ይልቅ አማርኛ ሲቀናው ደስታና ኀዘን የሚቀላቀልበት አባት የት አለ? ሰውን በአነጋገሩ ብቻ ማስታወስ ግማሹን መርሳት ነው።

ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ቁጥራቸው እየቀነሰ ሄደ፤ ቦታቸውንም ያስተማሯቸው ኢትዮጵያውያን ተረከቡ። በ1990ዎቹ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ ሌሎች ሕንዳውያን መጡ። ዛሬ ደግሞ መንገዱ ዞሯል፤ የእኛ መምህራን ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ ይጓዛሉ። መንገዱ ድሮም ባዶ አልነበረም፤ ማሊክ አምበር ከዚህ ምድር በባርነት ተወስዶ በደካን የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ እስከ መሆን ደርሷል፤ በ1626 እንደ አውሮፓ አቆጣጠርም በዚያው ዐረፈ።

ዛሬ በሕንድ ከተማ ቤት የሚከራይ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የአከራዩ ራስ ሲወዛወዝ እሺ ይሁን እንቢ ግራ ይጋባል፤ ልጆቹም በመንገድ ትኩር ተብለው ይታያሉ። በዚያን ጊዜ ያ የፍኖተ ሰላም መምህር ምን ተሰምቶት እንደነበረ ይገባዋል። የዚያ ዘመን ተማሪዎች አርጅተዋል። መምህራን ትዝታቸውን በጽሑፍ ቢሰበስቡ፣ የጥበብ ሰዎችም መምህሩን ከእነሙሉ ሰውነቱ መድረክ ላይ ቢያቆሙት፣ ዕዳው ቢያንስ በከፊል ይከፈላል። ጊዜው ግን አጭር ነው።